አንገታቸው ሳይቀና፦ ፍላሚንጎን በአብጃታና በጪቱ የመመልከት ዘዴ

አብጃታ ሐይቅ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩት ከተማሪዎቼ ጋር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ አርባ ያህል ልጆች ይዤ ለጉብኝት ወርጄ ነበር። አውቶቡሱ እንደቆመ ልጆቹ ወደ ውሃው ሮጡ፤ አንዱ አጨበጨበ። ሐይቁን የሸፈነው ሮዝ ቀለም ባንድ ጊዜ ከውሃው ተላቆ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ ጥቁርና ቀይ ብልጭ አለ። ሁላችንም በደስታ ጮኽን፤ እኔም ጮኽኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ከፊታችን የነበረው ባዶ ውሃና ጭቃው ላይ የቀሩ ጥቂት ላባዎች ብቻ ነበሩ። ወደ ቤታችን ስንመለስ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ምንድን ነው የሚበሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገርኳት፤ በዓይኔ ያየሁት ግን አልነበረም።

ብቻዬን ተመልሼ የሄድኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ያን ጊዜም አካሄዴ አልተሻሻለም ነበር። በቀጥታ ወደ ውሃው ስገሰግስ ፍየል የሚጠብቅ፣ ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ የኮቴን ጫፍ ያዘ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ አንገታቸውን አቀኑ» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ቀጥ ብለው የቆሙት አንገቶች አንድ በአንድ ወደ ውሃው ተመልሰው ሲጎነበሱ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ መንጋው እየበላ ራሱ ወደ እኛ መጠጋት ጀመረ። ልጁ ፍየሎቹን ተከትሎ ሲሄድ እኔ እዚያው ጭቃ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ቆየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከተለው ደንብ እንዲህ ነው። ፍላሚንጎ ስትበላ ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ ነው። ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ የቆሙበት ርቀት ትክክል ነው። አንገቷ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀርበዋል ማለት ነውና ቀጣዩን እርምጃ አይራመዱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ የሰዓቱም የልብሱም የቁጥሩም ጉዳይ፣ ይህን ደንብ ለመጠበቅ የሚረዳ ነው።

የትኛዋን እያዩ ነው?

በዓለም ላይ ስድስት የፍላሚንጎ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ሁለቱ በአፍሪካ ይኖራሉ፤ ሁለቱም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ አንዳንዴ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ትልቁ ፍላሚንጎ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሹ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከስድስቱ ሁሉ ያንሳል፤ በብዛት ግን ሁሉንም ይበልጣል። ጀማሪ ሰው በቁመት ለመለየት ይሞክራል። ሁለቱ አብረው ካልቆሙ በስተቀር ቁመት ያሳስታል፤ በተለይ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ከደረሰ።

ስለዚህ ምንቃሩን ይመልከቱ። የትልቁ ምንቃር ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። የትንሹ ምንቃር ጥልቅ ጥቁር ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ይመስላል። የላባውም ቀለም ይረዳል፦ ትልቁ ወደ ነጭ ያደላል፣ ትንሹ ሮዝነቱ ይደምቃል። ምንቃሩ ካልታየዎት አበላላቸውን ያስተውሉ። ትልቁ አንገቱን አስረዝሞ ጭንቅላቱን እስከ ጭቃው ድረስ ይሰድዳል፤ አንዳንዴም በአንድ ቦታ ላይ እየረገጠ ይዞራል፣ ከጭቃው ውስጥ ትንንሽ ትሎችንና የነፍሳት እጮችን ለማስነሣት። ትንሹ ግን የውሃውን የላይኛውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያጣራው፤ ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ በዝግታ ይራመዳል። ሣር የሚያጭድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማጭዱን ሲያወዛውዝ አይተው ከሆነ እንቅስቃሴው ያንን ይመስላል።

በመንጋው መካከል ግራጫ ቡናማ የሆኑ ካዩ ሌላ ዝርያ እንዳይመስሉዎት። ልጆቹ ናቸው። ፍላሚንጎ ሮዝ ሆና አትፈለፈልም፤ ቀለሙን የምታገኘው ከምግቧ ውስጥ ካለው፣ ካሮቲኖይድ ከሚባለው ማቅለሚያ ስለሆነ ሙሉ ለሙሉ እስክትቀላ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል።

የት እና መቼ

አብጃታና ሻላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ ነውና ፍላሚንጎ ከዳር ዳሩና ከፍል ውሃዎቹ አካባቢ ውጪ ብዙም አታገኙበትም። አብጃታ ግን ጥልቀት የለውም፤ መውጫም የለውም። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፣ ሆራቀሎ ደግሞ ከላንጋኖ ውሃ ያመጡለታል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ተንኖ ወደ ሰማይ መውጣት ብቻ ነው። ውሃው ሲተን ጨውና ሶዳው ይቀራል። ዳር ላይ እጅዎን ቢነክሩ እንደ ሳሙና ውሃ ይሙለጨለጫል። ብዙ ፍጥረት ሊኖርበት የማይችለው ይህ ውሃ ለትንሹ ፍላሚንጎ ማዕድ ነው፤ የምትበላው በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር፣ በተለይ ሰዎች ስፒሩሊና የሚሉት፣ የሚፋፋው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነውና።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ለጀማሪ የምመርጠው ጪቱን ነው። ጪቱ ከሻላ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውሃው ጎመን የተቀቀለበት ይመስል አረንጓዴ ነው። ዙሪያው ከፍ ያለ ገደል ስለሆነ ከላይ ተቀምጦ ቁልቁል መንጋውን በሙሉ በአንድ ዓይን ማየት ይቻላል፣ አንዲትም ወፍ አንገቷን ሳታቀና። መንገዱ ረጅምና አቧራማ ቢሆንም የሚያስቆጭ አይደለም። መጀመሪያ ከላይ አንድ ሰዓት ያህል ሳልቀመጥ ወደ ታች ወርጄ አላውቅም።

አብጃታን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የድሮ ካርታ ይዘው ከሄዱ ውሃ ይሆናል ባሉበት ቦታ ደረቅ መሬት ያገኛሉ። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ እንዲሁም ከሐይቁ ሲወጣ የኖረው ሶዳ አሽ የተባለ የፋብሪካ ጨው ሐይቁን በጣም አሽሽተውታል። ከተማሪዎቼ ጋር የቆምንበት ዳርቻ ዛሬ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በተራመድኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ ወፎቹን ባየሁ ቁጥር በደብተር የምመዘግበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍላሚንጎ በአንድ ሐይቅ ላይ ተወስና የምትኖር ወፍ አይደለችም። ምግቡ ሲመናመን ወይም የውሃው መጠን ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ተነሥታ ወደ ሌላ ሐይቅ ትሄዳለች። ትናንት በሺዎች የነበሩበት ዳር ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፓርኩ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ «ዛሬ የት ናቸው?» የሚል ይሁን። ስካውቶቹ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ያውቃሉ፤ ከስካውቶቹም በላይ እረኞቹ ያውቃሉ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ መንገዱ ደረቅ በመሆኑ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ሌሎች የውሃ ወፎችም ስለሚጨመሩ ከሁሉም ይመቻል።

ሰዓቱ ከወቅቱ ይበልጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቦታዎ ላይ ይሁኑ። ምክንያቱ የፀሐይ መውጣት ውበት ብቻ አይደለም። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚበላው ከውሃው ገጽ ላይ ስለሆነ ማዕበል ሥራውን ያውክበታል፤ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነፋሱ ከረፋዱ በኋላ እየበረታ ይሄዳል። በማለዳ ውሃው እንደ መስታወት ሲረጋ መንጋው በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ያለው አየር በሙቀት መርገብገብ ይጀምራል፤ የቱንም ያህል ጥሩ መነጽር ቢኖርዎት የሚያዩት የሚንቀጠቀጥ ሮዝ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። ጠዋት ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይቁሙ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ስለምትሆን የምንቃሩ ቀለም እንኳ ሳይቀር ይለያል።

የሚያስፈልግዎት

ጥቂት ነው። ስምንት እጥፍ ወይም አሥር እጥፍ የሚያቀርብ የሩቅ ማያ መነጽር በቂ ነው፤ ለእኔ ስምንት እጥፉ ይሻለኛል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ብዙ አይረብሽምና። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ከተገኘ እሰየው፤ በጋራ ገዝተው ወይም ተውሰው ቢሄዱ ከሃምሳ እርምጃ መጠጋት ያድንዎታል። የደረቀ ሣር ወይም የአፈር ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ። ነጭ ሸሚዝና ነጭ ነጠላ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይታያል። ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የሚቀመጡበት ቁራጭ ማዳበሪያ ወይም ሸራ፣ ደብተርና እርሳስ። እርሳስ የምለው እርጥብ እጅ ብዕር የጻፈውን ስለሚያጨማልቀው ነው።

አቀራረብ

በመጀመሪያ ከእግርዎ በታች ያለውን ይመልከቱ። ሐይቁ የሸሸበት መሬት ላዩ ደርቆ ነጭ የጨው ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ ግን ማጥ ነው። መኪናም ሰውም ይውጣል። ከብት አርቢዎች ቦሌ ብለው ለከብቶቻቸው የሚሰጡት ጨዋማ አፈር በእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ስለሚገኝ መንጋ ይመላለስበታል፤ የከብቶቹ ዱካ ጥሩ መሪ ነው። ኮቴው ጥልቀት ሳይኖረው ካረፈ ሰውንም ይችላል። ኮቴው ጉድጓድ ከፈጠረ ግን አይርገጡ። እግርዎ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ ወደፊት ለመሻገር አይሞክሩ፤ በመጡበት ዱካ ይመለሱ።

ከመንጋው 300 ሜትር ያህል ሲቀርዎት ይቁሙና ይቀመጡ። አሥር ደቂቃ ምንም ሳያደርጉ ይቆዩ። ይህች አሥር ደቂቃ ትከብዳለች፤ በተለይ ከሩቅ የመጣ ሰው ጊዜው ያለቀበት ይመስለዋል። ግን ለወፎቹ የሰው ቅርጽ የሚታወቅ ነገር የሚሆንላቸው በእርሷ ነው። ከዚያ ሃያ እርምጃ ይራመዱ፤ ይቁሙ፤ አንገቶቹን ይዩ። ሁሉም ተደፍተው ከሆነ ሃያ እርምጃ ይጨምሩ። አካሄድዎ ቀጥታ ወደ መንጋው አይሁን፤ ሊያልፏቸው የሚሄዱ ይመስል ሰያፍ ይሂዱ። ብዙ ከሆናችሁ ተጠጋግታችሁ አንድ ላይ ሂዱ እንጂ በሰፊው ተበትናችሁ አትክበቧቸው። በጣት አይጠቁሙ፤ እጅ ከፍ ሲል ከድምፅ ይልቅ ያስደነግጣቸዋል።

የፍላሚንጎ ፍርሃት በሦስት ደረጃ ይነበባል። መጀመሪያ ወደ እርስዎ ቅርብ ያሉት አምስት ስድስት ወፎች አንገታቸውን ያቀናሉ፤ ሌሎቹ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ ቁጭ ካሉ ነገሩ ያበቃል። ቀጥሎ አንገት ያቀኑት ይበዛሉ፣ ፊታቸውን አዙረው ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በእግራቸው መራቅ ይጀምራሉ። ይህን ካዩ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ በቀስታ ወደኋላ ይመለሱ። ሦስተኛው ደረጃ እንደ ዝይ ያለ ጩኸትና በውሃው ላይ ሩጫ ነው፤ ከዚያ በረራ። ያን ጊዜ ማድረግ የሚችሉት ነገር የለም።

ሁሉም አንገት በእርስዎ ምክንያት አይቀናም። ዓሣ በል ንስር በላያቸው ሲያልፍ፣ አባ ኮዳ በመካከላቸው ሲያርፍ፣ ጅብ በማለዳ ዳር ዳሩን ሲሄድ ይደነግጣሉ። ለመለየት ወዴት እንደሚያዩ ይመልከቱ። ዓይናቸው ወደ ሰማይ ወይም ወደ ሌላ ዳር ከሆነ ይረጋጉ፤ ዝም ብለው በመቀመጥዎ ምናልባት የሚያስደንቅ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ደግሞም ከፍላሚንጎዎቹ በፊት የሚነግርዎት አለ፦ ዳሩ ላይ በረጃጅም ቀጫጭን እግሮቿ የምትሮጥ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነች፣ ሰው በተጠጋ ቁጥር ደጋግማ የምትጮህ ወፍ። እርሷ ከጮኸች አንገቶቹ ሊቀኑ ነው ማለት ነውና ቀድመው ይቁሙ።

እኔ በእግር ስሄድ ከመቶ ሜትር በታች አልጠጋም፤ ወፎቹ ራሳቸው ካልመጡ በስተቀር። መኪና የሚደርስበት ጠንካራ መንገድ ካለ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርዱ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ይሻላል፤ ቆሞ ከሚራመድ ሰው ይልቅ የቆመ መኪና ብዙ አያስፈራቸውም።

ስለ ጥንቃቄው ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። አንዲት ትንሽ ፍላሚንጎ በቀን የምትፈልገው ምግብ ደርቆ ቢመዘን ከ60 እስከ 70 ግራም ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ይህን የምትሰበስበው በዓይን የማይታዩ ነገሮችን ለብዙ ሰዓታት እያጣራች ነው። ማለዳ አንድ ጊዜ ስናስነሣት የተረጋውን ውሃ፣ የምትበላበትን ሰዓት እንወስድባታለን፤ ተመልሳ ስታርፍ ነፋሱ ተነሥቶ ይጠብቃታል። የሚያስነሷት ሰዎች በቀን ሦስት ቡድን ቢሆኑ ምን እንደሚቀራት ያስቡ። አንዳንድ አስጎብኚ ጎብኚውን ለማስደሰት ሲል «ላስነሣልዎት?» ይላል። በክብር «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲበሉ ነው ማየት የምፈልገው» ይበሉት። ለፎቶግራፍ ብለው ድንጋይ የሚወረውሩም አጋጥመውኛል። ያንን ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ እርስዎም ዝም አይበሉ። ድሮንም ከላይ ሲመጣ ንስር ነው የሚሆንባቸው።

ከተቀመጡ በኋላ ምን ያያሉ?

መንጋውን በሙሉ ለማየት አይጣሩ። አንዲት ወፍ ይምረጡና አሥራ አምስት ደቂቃ ከእርሷ ጋር ይቆዩ። ምንቃሯ መሃሉ ላይ የታጠፈው ለምን እንደሆነ የሚገባዎት ጭንቅላቷን ገልብጣ ውሃ ውስጥ ስትከተው ነው፤ የላይኛው መንጋጋ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ሆኖ ከውሃው ገጽ ጋር ይስተካከላል። ምላሷ እንደ ፓምፕ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ውሃ ይስባል፣ ይገፋል፤ በትንሹ ፍላሚንጎ ይህ በሰከንድ እስከ 20 ጊዜ ይደርሳል። በምንቃሯ ጠርዝ ያሉት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ምግቡን ይይዛሉ። ቴሌስኮፕ ካለዎት በምንቃሯ ጎን ውሃው ሲንጠባጠብ ያያሉ። ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር፤ ለማየት የወሰደብኝ ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ከዚያ እግሯን ይዩ። ወደኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበቷ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጉልበቷ ከላባው ሥር፣ ከሆዷ አጠገብ ተሸሽጓል። ይህን አንድ ጊዜ ካወቁ በኋላ አረማመዷ በሙሉ ሌላ መልክ ይይዛል። በአንድ እግር የምትቆመው ደግሞ ሚዛን ለማሳየት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንድ እግሯን ስትሰበስብ የአካሏ ክብደት ራሱ መገጣጠሚያዎቿን ስለሚያጸናቸው ጡንቻዋን እምብዛም ሳታደክም መቆም ትችላለች። ስለዚህ በአንድ እግር የቆመች፣ ጭንቅላቷን ከጀርባ ላባዋ ውስጥ የከተተች ወፍ ካዩ ተኝታለችና ድምፅዎን ይቀንሱ።

በሶዳ ውሃ የምትኖር ወፍ የሚጠጣ ውሃ ትፈልጋለች። ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበትና ምንጭ ባለበት ቦታ በቡድን ሲጠጡና ሲታጠቡ ይገኛሉ። ይህ ከምወዳቸው ትዕይንቶች አንዱ ነው፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ውሃውን በጀርባቸው ላይ ይረጩታል፤ እርስ በርስም ቦታ ይቀማማሉ። ነገር ግን መጠጫቸው ጠባብ ስለሆነ እዚያ አጠገብ አይቀመጡ። ከጎን፣ ከሩቅ ሆነው ይጠብቁ።

አንዳንድ ማለዳ ሰልፍ ይሠራሉ። ብዙ ወፎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ አንገታቸውን ሽቅብ አድርገው፣ በፈጣን አጭር እርምጃ በአንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ድንገት ሁሉም አቅጣጫ ይቀይራሉ። ጭንቅላታቸውን ግራ ቀኝ ያዞራሉ፣ ክንፋቸውን ለአፍታ ከፍተው ቀዩንና ጥቁሩን ያሳያሉ። ጀማሪ ሰው አንገት ቀና ማለቱን አይቶ ደነገጡ ብሎ ያስባል፤ ልዩነቱን ይወቁ። የፈራ መንጋ ከእርስዎ ይርቃል፣ የሚሰለፍ መንጋ ግን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ አይሸሽም። ይህ የትዳር ጓደኛ መፈለጊያ ጭፈራቸው ነው። ሰልፉን አየሁ ብለው ግን ዳሩ ላይ ጎጆ አይፈልጉ። በዓለም ካሉት ትንሽ ፍላሚንጎዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚፈለፈሉት በታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ እንደሆነ ይነገራል፤ እዚያ ሰው በማይደርስበት የሶዳ ቅርፊት ላይ ከጭቃ ጉብታ ሠርተው አንድ እንቁላል ይጥላሉ፣ 28 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ። ሁለቱም ወላጆች ከጉሮሯቸው በሚወጣ ቀይ ወተት መሰል ፈሳሽ ጫጩቷን ይመግባሉ። ጫጩቷ ስትወለድ ምንቃሯ ቀጥ ያለ ነው፤ እያደገች ስትሄድ ይታጠፋል። ጪቱ ላይ ግራጫ ልጅ ባየሁ ቁጥር ያን ሁሉ አገር በሌሊት አቋርጣ መጥታ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ቁጥርና ማስታወሻ

በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ የዓለም አገሮች የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ። ለዚያ ተሳትፎ የሚያበቃዎትን ልምምድ እዚህ መጀመር ይችላሉ። ሺህ ወፍ አንድ በአንድ አይቆጠርም። በመነጽር አሥር ወፎችን ይቁጠሩና ምን ያህል ቦታ እንደያዙ በዓይንዎ ይያዙ፤ ያንን አሥር ጊዜ በመደርደር የመቶን ስፋት ያግኙ፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ በመቶ በመቶ ይሂዱ። ጭንቅላት አይቁጠሩ፣ ብዙው ውሃ ውስጥ ነውና፤ ጀርባ ይቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ቆጥረው መካከለኛውን ይጻፉ። ግራጫዎቹን ለብቻ ይጻፉ፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ያ ቁጥር ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለአደጋ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል፤ ልጆች በመንጋው ውስጥ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ደግሞ ትውልድ እየተተካ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። እግሯ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ያላት ወፍ ካዩ ቀለሙን፣ የትኛው እግር ላይ እንዳለና የሚነበበውን ፊደል ይመዝግቡ፤ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

የእኔ ደብተር ቀላል ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የቆምኩበት ቦታ፣ ነፋስ፣ የውሃው ቀለም፣ ትልቁ ስንት፣ ትንሹ ስንት፣ ግራጫ ስንት፣ ምን እየሠሩ ነበር። የሐይቁ ዳርቻ ካለፈው ጉብኝቴ ወዲህ ስንት እርምጃ እንደሸሸ ወይም እንደቀረበ ከአንዲት የታወቀች ግራር ጀምሬ በእግሬ ለክቼ እጽፋለሁ።

መነሣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሦስት ሰዓት በትዕግሥት ተቀምጦ ሲያበቃ፣ ሲጠግብ ብድግ ብሎ ልብሱን ያራግፋል፤ መንጋውም ያን ጊዜ ይነሣል። ጎንበስ እንዳሉ ይነሡ፣ ጀርባዎን ከመስጠትዎ በፊት አሥር ያህል እርምጃ ፊትዎን ወደ እነርሱ አድርገው ወደኋላ ይሂዱ፤ ከዚያ በመጡበት ዱካ፣ በመጡበት ዝግታ ይመለሱ። 300 ሜትሩ ላይ ሲደርሱ እንደገና ይቁሙና በመነጽር ይዩአቸው። በእያንዳንዱ ጉብኝት ማስታወሻዬ ላይ የመጨረሻዋ መስመር የምትጻፈው እዚያ ቦታ ላይ ነው፦ «ስመለስ የቀኑ አንገቶች»፣ ከፊት ለፊቷም ቁጥር። ባለፈው የጪቱ ጉዞዬ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ እርሳሱን ኪሴ ውስጥ ሳልከት አንዷ መልሳ ጎነበሰች።